ቀኝና ግራ እኩል

ጥቅምት 4 ቀን

ለእህቴ፣

ጤናሽን አልጠይቅም። ትናንት ብቻ ለባሌ ሰባት ጊዜ ደውለሻል፤ ሰባት ጊዜ የሚደውል ሰው ደህና ነው። «ምን አድርጌያት ነው ስልክ የማታነሳው?» እንዳልሽው ነግሮኛል። የማላነሳው ድምፅሽን ከሰማሁ ስለምለሰልስ ነው። አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ አባብልሻለሁ፣ ነገሩም ተድበስብሶ ይቀራል። እኔ ደግሞ የፍርድ ቤት መዝገብ ጸሐፊ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ዛሬ በአፉ ያለውን ነገ ሲክድ ሳይ ኖሬያለሁ። ስለዚህ በጽሑፍ እንነጋገር።

ምን እንዳደረግሽኝ ልንገርሽ። ልጄ ከሁለት ወር በፊት መራመድ ስትጀምር ወገቧን ወዲያና ወዲህ እየጣለች ነበር። አከራያችን አይታ ሳቀችና «ዳክዬ» አለቻት። ስሙ ጸናባት። ጎረቤቱ ዳክዬ አላት፣ አባቷ ዳክዬ አላት፣ እኔ ወላጅ እናቷም ዳክዬ አልኳት። አንቺም ቪዲዮዋን አይተሽ በሳቅ ከሞትሽ በኋላ በላክሽላት ቀሚስ ላይ «ለዳክዬዬ» ብለሽ ጽፈሻል። ሁላችንም የሳቅነው በበሽታዋ ነው።

ማክሰኞ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ከበሩ እስከ ጠረጴዛው አምስት እርምጃ ስትሄድ አያትና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ራጅ ተነሳች። ሁለቱም የታፋ አጥንቶቿ ከዳሌዋ ጎድጓዳ ወጥተው ወደ ላይ ተሰቅለዋል። ቀኙም ግራውም። ስድስት ወር ሳይሞላት ቢታወቅ ኖሮ በጨርቅ ማሰሪያ ብቻ ይመለስ ነበር አለኝ። አሁን በቢላ ነው። «ስትወለድ ማን ነው የመረመራት?» ሲለኝ «እህቴ» አልኩት። «እህትሽ ምንድን ናት?» «አዋላጅ ናት፤ የሕፃናትን ዳሌ በድምፅ የምትመረምር።» ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልሽም።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ልጄ በተወለደች ቀን መዝገብሽ ላይ የጻፍሽውን ቃል በቃል ገልብጠሽ ላኪልኝ። አስተያየት አትጨምሪበት።

«እትዬ» ብዬ አልጨርስም። ቃሉ ለጊዜው ከአፌ ጠፍቷል።

ታናሽሽ


ጥቅምት 12 ቀን

ለምወድሽ ለሚጣዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? ባለቤትሽስ? ልጃችንስ? እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። አንቺ ሰላምታ ብትነፍጊኝም እኔ እናት ሆኜ ያሳደግሁሽ ነኝና አልነፍግሽም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማዋለጃ ክፍል በር ላይ ነው። ጓንቴን ሳላወልቅ አነበብኩት። እናታችን ስትሞት አንቺ ሰባት ዓመትሽ ነበር። ፀጉርሽን የሠራሁ፣ ፊደል ያስቆጠርኩ፣ ስትታመሚ በጀርባዬ ያዘልኩሽ እኔ ነኝ። ዛሬ «አስተያየት አትጨምሪበት» አልሽኝ። ባሳደጉት ውሻ መነከስ ይሉሻል ይሄ ነው።

ይኸው መዝገቡ፤ ቃል በቃል። «ሴት። ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። በመቀመጫዋ የመጣች። የዳሌ ድምፅ፦ ቀኝና ግራ እኩል።»

አሠራሬን ታውቂዋለሽ፤ ስንት ጊዜ አጠገቤ ቆመሽ አይተሻል። ሕፃኑን በጀርባው አስተኝቼ፣ ሹካ የሚመስለውን ብረት መዳፌ ላይ መትቼ፣ ሲጮህ የብረቱን እግር ሕፃኑ ጉልበት ላይ አቆመዋለሁ። በማዳመጫው ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ ካለው መሃል አጥንት ላይ እሰማለሁ። አጥንቱ በቦታው ካለ ድምፁ ጥርት ብሎ ያልፋል፤ ከወጣ ይደበዝዛል። ከዚያ ቀኙን ከግራው አወዳድራለሁ። በዚህ መንገድ ሃያ ሦስት ሕፃናት አግኝቼ አሳክሜያለሁ፤ ዛሬ ኳስ የሚያባርሩ አሉ። «ጆሮዋ» የሚሉኝ በከንቱ አይደለም።

ያን ቀን የሰማሁት እኩል ነው። እንግዲህ የወጣው በኋላ ነዋ! ማን አወጣው? አራስ ሆነሽ እኔ ቤት ሳለሽ እግሯን ዘርግተሽ እንደ ምንጣፍ ትጠቀልያት ነበር። ሁለት ጊዜ ተናግሬሻለሁ። በስድስት ሳምንቷ መልሰሽ አምጫት ብዬሽም «ችሎት በዝቶብኛል» ብለሽ ቀርተሻል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ እኔን ከመክሰስሽ በፊት ራስሽን ጠይቂ።

ይህን የምልሽ ልጎዳሽ አይደለም። በሚቀጥለው ወር ከየጤና ጣቢያው አርባ አዋላጆች ከእኔ ሊማሩ ይመጣሉ። አሠራሩ «የጆሮዋ ምርመራ» ተብሎ ሊጻፍ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ዛሬ ከተሰማ ምን እንደሚሆን አስቢ። ነገሩን በቤታችን እንያዘው።

ሳሚልኝ።

እትዬሽ


ጥቅምት 20 ቀን

ለአዋላጇ እህቴ፣

መስመሩን ስለገለበጥሽልኝ አመሰግናለሁ። አስተያየት አትጨምሪ ስልሽ አንድ ገጽ ተኩል ጨምረሻል።

«ሐኪሙ መዝገቡን ሲሰማ ምን አለ?» ብለሽ በባሌ በኩል ጠይቀሻል። ያለውን እነሆ። «ቀኝና ግራ እኩል» ብዬ ሳነብለት ራሱን ነቀነቀ። «በእርግጥም እኩል ነበር» አለኝ። «አንደኛው ብቻ ቢወጣ ኖሮ ልዩነቱ ይሰማ ነበር። ሁለቱም ከወጡ ግን ከምን ጋር ታወዳድረዋለች?» ነገሩ ቤቴ እስክደርስ አልገባኝም ነበር። ዝናብ ነበር፤ ጫማዬን ሳወልቅ ገባኝ። ሁለቱም ጫማዬ ቢቀደድ እግሮቼ እኩል ይረጥባሉ። እኩል ስለረጠቡ ጫማዬ ደህና ነው ልበል?

አልዋሸሽም። እኩል ነበር። እኩል ወጥተው ነበር።

መጠቅለሉን በተመለከተ ጥፋተኛ ነኝ። ሐኪሙም እንደማይበጅ ነግሮኛል። በስድስት ሳምንቷ አለመምጣቴም ጥፋት ነው። ይኸው ሁለቱንም በእጄ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። አንቺስ? ማዋለጃ ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ «በመቀመጫዋ የመጣች ሴት ልጅ ደህና ብትመስልም አልትራሳውንድ ትታይ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ምጡ ሲይዘኝ ፊት ለፊቴ ስለነበር ነጥቡን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። «አልትራሳውንዱ ከቤቴ ሦስት ፌርማታ ነው፣ ስመለስ ላሳያት?» ብዬሽ ነበር። «ማሽን ምን ያውቃል፣ ወደ እኔ አምጫት» አልሽኝ። የከተማውን ሆስፒታል ትቼ ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዤ አንቺ ዘንድ የወለድኩት ጆሮሽን አምኜ ነበር።

አሁን የምልሽን ልብ ብለሽ አንብቢ። ያን ሥልጠና አስቁሚ። ካለፉት ስድስት ወራት ወዲህ የወለዱትን እናቶች ደግሞ ጥሪና «እኩል» ብለሽ የሸኘሻቸውን ልጆች ሁሉ አልትራሳውንድ ላኪ። የእኔዋ ጊዜዋ አልፎባታል። ገና ያላለፈባቸው አሉ፤ በየቤታቸው ተኝተው አራት ወር፣ አምስት ወር እየሆናቸው ነው። በየቀኑ የሚያልፈው የእነሱ ቀን ነው።

ካላደረግሽ የማደርገውን አውቃለሁ።

ታናሽሽ


ኅዳር 1 ቀን

ሚጣ፣

የዛቻ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፍርድ ቤት ተቀምጦ መጻፍ ዳኛ ያደርጋል እንዴ?

እስቲ ከወንበርሽ ተነሽና የእኔን ግቢ እዪ። እዚህ የምትወልደው ሴት በሦስተኛው ቀን ሥራ አላት። አልትራሳውንድ ያለው አንቺ ከተማ ነው። ለአንቺ ሦስት ፌርማታ ነው፤ ለእሷ አራስ አቅፋ ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ነው። ሂጂ ብላቸው ከመቶ አምስት ቢሄዱ ነው። እኔ ያለሁት ለቀሩት ዘጠና አምስቱ ነው። በእጄ ያለው አንድ ብረትና ሁለት ጆሮ ነው፤ በዚሁ ሃያ ሦስት ልጅ አድኛለሁ። ነገ ተነስቼ «ተሳስቻለሁ» ብል ምን ይሆናል? «ጆሮዋም ትሳሳታለች» ይሉና ከነጭራሹ መምጣት ያቆማሉ። አንደኛው ጎኑ ብቻ የወጣውም ሕፃን ሳይሰማ ይቀራል። ይህንን ሐኪምሽ ነግሮሻል?

ልጅሽ ልጄ ናት። ግን አንዲት ናት። ስለ አንዲት ብዬ የሃያ ስድስት ዓመት ሥራ አላፈርስም።

ሥልጠናውን አላስቆምም። ኅዳር 18 ቀን ከጧቱ በሦስት ሰዓት ነው፤ በየቦታው ጥሪው ደርሷል፤ አዳራሹ ታጥቧል። የምትጽፊለት ካለ ጻፊ። እኔን የሚያውቁኝ ሰዎች ያውቁኛል።

የቀዶ ሕክምናው ቀን መቼ ነው? እኔ ከሥልጠናው በኋላ ነፃ ነኝ። የበደልሽኝን ሁሉ ውጬ መጥቼ አጠገብሽ ልቀመጥ። ብቻሽን እንድትሆኚ አልፈልግም።

እህትሽ


ኅዳር 9 ቀን

ለእህቴ፣

ቀዶ ሕክምናው ኅዳር 28 ነው። አትምጪ።

አንዲት ናት ብለሻል። ልክ ነሽ፤ አንዲት ናት ያለችኝ። ከእሷ በፊት ሆዴ ውስጥ ሳሉ የቀሩትን ሦስቱን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

የሥልጠናውን ቀንና ሰዓት መዝግቤያለሁ።

ታናሽሽ


ኅዳር 20 ቀን

አንቺ ሴት፣

እህት ልበልሽ ወይስ ጠላት? ጠላት እንኳ ቤት ድረስ ሲመጣ ያስጠነቅቃል። ባለቤትሽን «ምን ብታስብ ነው?» ብለው «እኔንም አልነገረችኝም» አለኝ። አሁን ያደረግሽውን ልጻፈው። መዝገብ ትወጂ የለ? መዝግቢው።

ለማሳያ የተቀጠረችው እናት ዘግይታ ነበር። በሩ ተከፈተና አንቺ ልጅሽን አቅፈሽ ገባሽ። «ለማሳያ ነው የመጣነው» አልሽ። ማይክራፎን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። አስተባባሪው «ትንሽ ከፍ ብላለች እንጂ ታስኬዳለች» አለ፤ ሞኝ! ሱሪዋን አውልቀሽ ጠረጴዛው ላይ አስተኛሻት። እኔ «ተይ» ልልሽ ነበር። ተይ ብል ለምን እንደሆነ መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ተማሪዎቹ በተራ እየመጡ ሹካውን መቱ። እኔ እንዳስተማርኳቸው ጉልበቷ ላይ አቆሙ፣ ቀኙን ሰሙ፣ ግራውን ሰሙ። «እኩል» አለች የመጀመሪያዋ። «እኩል» አለ ቀጣዩ። አንዷ እንዲያውም «ጤነኛ፣ የምታምር» ብላ ጉንጯን ሳመቻት። አሥራ ዘጠኝ ሰው ቆጠርኩ። አንድ ልጅ ብቻ ግንባሩን ቋጥሮ «ግን ትንሽ...» ማለት ጀምሮ ነበር፤ ጓደኛው ጎሸም ሲያደርገው «እኩል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረሽ «እሜቴ፣ እርስዎም ያዳምጡ እንጂ» አልሽ። እርስዎ! አርባ ሰው እያየኝ አዳመጥኩ። «እኩል ነው» አልኩ።

ያኔ ከቦርሳሽ ራጁን አውጥተሽ መስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፍሽው። «ይህች ናት እኩል የተባለችው። ስትወለድም ተብላ ነበር» አልሽ። ማን እንዳላት አልተናገርሽም። አላስፈለገሽም፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሱሪዋን አልብሰሽ፣ ራጁን አጥፈሽ ወጣሽ። በሩን እንኳ ቀስ ብለሽ ነው የዘጋሽው።

ሥልጠናው በዚያው ተበተነ። ተማሪዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመው ሲስቁ ሰምቻለሁ። ከእንግዲህ «ጆሮዋ» አይደለሁም፤ «እትዬ እኩል» ነኝ። ደስ ይበልሽ። ለብቻዬ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ጠረጴዛው ብረት ነው። ልጅቷን በርዷት ነበር? ማልቀሷንም አለማልቀሷንም አላስታውስም።


ኅዳር 23 ቀን

ለእህቴ፣

አልበረዳትም። አላለቀሰችምም። ሹካው ጉልበቷን ሲነካት ይኮረኩራታል፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው ሲያዳምጣት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሳቀች። አለመስማትሽ ይገርማል፤ ጆሮ ነሽ እኮ።

ለብቻሽ ሦስት ጊዜ ጽፌልሻለሁ። ሦስቱም ቅጂ ከእኔ ዘንድ አሉ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ ስታዳምጪ ሌላው ሰው ሁሉ ልጅቷን ነበር የሚያየው፤ እኔ አንቺን ነበር የማየው። ተማሪዎቹ ቀኝን ከግራ አወዳድረው ወዲያው ተናገሩ። አንቺ ቀኙን ሰምተሽ ቆም አልሽ። ግራውን ገና ሳትሰሚ ፊትሽ ተለወጠ። እነሱ ገና ያን ጧት መስማት የጀመሩ ናቸው፤ አንቺ ሃያ ስድስት ዓመት የሰማሽ ነሽ።

ምን ሰማሽ?

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ለሚጣ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለቤትሽ ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ ብሎኛል። ዝርዝሩን ስጠይቀው «ራሷን ጠይቂያት» አለኝ። እሱም ጨከነብኝ።

ካለፉት ስድስት ወራት መዝገብ «እኩል» ያልኳቸውን መቶ አሥራ ሁለት ሕፃናት አውጥቻለሁ። ብዙዎቹ ስልክ የላቸውም፤ በእግሬ ነው የዞርኩት። አንዷ «ያኔ ደህና ነው ብለሽኝ አልነበረም? ያኔ ዋሽተሽ ነው ወይስ አሁን?» ብላ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ደግማ ዘጋችው። በሦስተኛው ቀን ልጁን አውጥታ ሰጠችኝ። የአንድ ትምህርት ቤት ሚኒባስ ለምኜ ሐሙስ ሐሙስ አሥራ አራት አሥራ አራት እናት ይዤ ወደ እናንተ ሆስፒታል እመጣለሁ። መንገዱን ሙሉ የማያስመልስ ሕፃን የለም፤ ልብሴ ሁሉ እርጎ እርጎ ይሸታል።

እስካሁን ከታዩት ሃያ ስምንት ሁለት ተገኝተዋል። አንደኛዋ እንደ ልጃችን ሁለቱም ጎኗ ወጥቷል። አራት ወሯ ነው። ማሰሪያ ታስሮላታል፤ ይመለሳል ተብሏል። እናቷ እጄን ልትስም ስትል ሸሸሁ።

ይህን ለአንቺ ብዬ ያደረግሁት እንዳይመስልሽ። አርባ ሰው ፊት ያዋረድሽኝን እስክሞት አልረሳውም።

ስለጠየቅሽኝ ነገር ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

እህትሽ


ታኅሣሥ 8 ቀን

ለእህቴ፣

ሁለቱ በመገኘታቸው ለእናቶቻቸው ደስ ብሎኛል።

ዝርዝሩን ፈልገሻል። ቀኙ ገብቷል። ግራው አልተቀመጠም። ከደረቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጀሶ ውስጥ ናት፤ እግሮቿ ተከፍተው መሃላቸው ዱላ ታስሯል። በበር ስናስገባት እንደ ቁምሳጥን በጎን አዘንብለን ነው። ሽንት ጨርቋን ለመቀየር ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከጀሶው ሥር ሲበላት እጇ አይደርስም፤ እኔም ጣቴ አይገባም፤ በላዩ እያንኳኳሁ አታልላታለሁ። ይህ ሦስት ወር ነው። ከዚያ ግራው እንደገና ይከፈታል፤ አጥንቱን ቆርጦ ማዞር ሊያስፈልግ ይችላል። «ታነክሳለች?» ስለው ሐኪሙ ወረቀቱን አገላበጠ፣ መነጽሩን ጠረገ፣ «ምናልባት» አለኝ።

ሁለተኛውን ከመጀመሩ በፊት ታሪኳን ሙሉ ማወቅ ይፈልጋል። በተወለደች ቀን ወጥቶ ነበር ወይስ በኋላ ነው የወጣው? እኔ መልስ የለኝም። መልሱ አንቺ ዘንድ ነው።

ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። ምን ሰማሽ?

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 16 ቀን

ሚጣዬ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን ሳላነበው አሽገዋለሁ።

አዳራሹ ውስጥ የሰማሁት ደብዛዛ ነው። ቀኙም ደብዛዛ፣ ግራውም ደብዛዛ፤ ከግድግዳ ማዶ እንደሚወራ ወሬ። ፊቴ የተለወጠው ድምፁን ስላወቅሁት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሰምቼው ነበር፤ በእሷው ላይ፣ በተወለደች ቀን።

ያን ጧት ከእሷ በፊት ሁለት ሕፃናት አዳምጬ ነበር። ጥርት ያለ ድምፅ ምን እንደሚመስል ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበረ። የእሷን ቀኝ ሰማሁ፤ ደበዘዘብኝ። ግራውን ሰማሁ፤ ደበዘዘብኝ። ማዳመጫው ነው ብዬ ጠርጌ ደገምኩት። ያው ነው። መዝገቡ ላይ «ሁለቱም ደብዛዛ» ብዬ ጻፍኩ። ጻፍኩ፣ ሚጣዬ። ከዚያ ቀና ስል አልጋው ላይ ሆነሽ ፊቴን እያየሽ ነበር። ደም ፈሶሽ ከንፈርሽ ነጭ ሆኗል። «ደህና ናት?» አላልሽኝም። ከሦስቱ በኋላ ያን ቃል ማውጣት ፈርተሽ፣ ዝም ብለሽ ከፊቴ ላይ ልታነቢ ትፈልጊ ነበር። እኔም ፈገግ አልኩልሽ። አንዴ ፈገግ ካልኩ በኋላ የጻፍኩትን መሰረዝ ነበረብኝ። ሰርዤ «ቀኝና ግራ እኩል» አልኩ፤ እሱም ውሸት አልነበረምና።

የመጀመሪያ ቀኗ ነው፣ ፈሳሽ ይሆናል፣ በስድስት ሳምንቷ እሰማታለሁ አልኩ ለራሴ። አልትራሳውንድ ሄደሽ ሌላ ሰው እንዲነግርሽ አልፈለግሁም። በስድስት ሳምንቷ ስትቀሪ ደግሞ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ሳልሰማት መቆየት ቻልኩ። ከዚያ ወዲያ ረሳሁት፤ ወይም የረሳሁ መሰለኝ። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ «ራስሽን ጠይቂ» ያልኩሽ ይህን እያወቅሁ ነው። መስመሩንም ቃል በቃል ስገለብጥልሽ የተሰረዘውን አልገለበጥኩም።

ገጹን ከመዝገቡ ቆርጬ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ለሐኪሙ ስጪው። ለኃላፊዬ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ከማዋለጃ ክፍል አንስቶኛል፤ የሐሙሱን ጉዞ ብቻ ትቶልኛል። ዛሬ ሃምሳ ስድስተኛው ልጅ ታይቷል።

ምክንያት አለኝ ብዬ አልከራከርሽም። አሳዘንሽኝ፣ ፈራሁም፤ ይኸው ነው። ይቅር በይኝ።

እህትሽ


ጥር 5 ቀን

ለእህቴ፣

ገጹን ለሐኪሙ ሰጠሁት። መብራት ላይ አድርጎ የተሰረዘውን አነበበና ከፋይሏ ጋር አያያዘው። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና መጋቢት ላይ ነው።

«አነበበችው? ምን አለች?» እያልሽ ባሌን አስጨንቀሽዋል። አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ቢሮ ውስጥ አነበብኩት፤ አጠገቤ የምትተይበው ልጅ ውሃ አመጣችልኝ። ከዚያ ቤት አነበብኩት። ከዚያ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተራ እየጠበቅሁ አነበብኩት።

ባትሰሚ ኖሮ እጣላሽ ነበር፤ ጠብ ደግሞ ይበርዳል። ጆሮ የሥጋ ነው፣ ይሳሳታል። አንቺ ግን ሰምተሽ ነበር። ፈገግታሽን አስታውሰዋለሁ። እሱን አይቼ ነው ዓይኔን የጨፈንኩት፤ እሱን ይዤ ነው አሥራ ስድስት ወር ሙሉ እንቅልፍ የተኛሁት። ለእኔ አዝነሽ እንዳደረግሽው አምኜሻለሁ። የባሰ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የእኔን አንድ ጧት ለማሳመር የእሷን እግር ሰጠሽ፤ እኔም ሳላውቅ ተቀበልኩሽ።

ይቅር በይኝ ብለሻል። ብዙ አስቤበታለሁ። ወጥቶ የቀረው የእኔ እግር ቢሆን ኖሮ፣ አሳድገሽኛልና፣ እየመረረኝም ቢሆን ይቅር እልሽ ነበር። እግሩ ግን የእኔ አይደለም። በእሷ እግር እኔ ይቅርታ አላድልም። ደብዳቤሽን ከልብሶቿ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ማንበብ ስትችል እሰጣታለሁ። ይቅርም ብትል፣ ባትልም፣ እኔ በመሃል አልገባም።

እስከዚያ አትጻፊልኝ፤ ባሌም ጋ አትደውይ። ሐሙስ ሐሙስ እናቶቹን ይዘሽ ስትመጪ በኋላው በር ግቡ፤ እኛ በፊት ለፊቱ ነን።

ክፉ አልመኝልሽም። የምለምንልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ። አድጋ፣ እያነከሰችም ቢሆን በራሷ እግር ደጅሽ ድረስ መጥታ፣ «ሰምተሽ ነበር?» ብላ እስክትጠይቅሽ ድረስ ያኑርሽ።

እናቷ